ለቀለም ሲባል የበረደ ጨው

ሰመራ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኢንጂነር ታደለ አንድ ወፍራም ቧንቧ አሳዩኝና፣ «ሰይድ፣ ያንተ ሥራ ይሄ እንዳይበርደው መጠበቅ ነው» አሉኝ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር ተኝተዋል። የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

አልቀለዱም። ጣቢያችን ከፀሐይ መብራት ያመነጫል፤ ግቢው ውስጥ የተደረደሩት መስታወቶች ቀን ፀሐይ ሰብስበው ጨው ያቀልጣሉ። የቀለጠው ጨው ሙቀቱን እንደያዘ ታንከር ውስጥ ይቆያል፤ እንዳይረጋም ፓምፕ ቀን ከሌት በቧንቧው ያዞረዋል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ጨዉ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ በታች ከወረደ ግን ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለሱ ሰመራ ደጋ ናት።

ጨዉ የመጣልን በጅቡቲ በኩል ነው፤ የማዳበሪያ ዘመድ እንጂ ወጥ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ይህን ለዘበኛችን ለሐመዱ ማስረዳት አቃተኝ። «አፋር አገር ጨው በመርከብ አመጣችሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ ሱፍ ስጠቀልል ደግሞ፣ «ምነው፣ ወባ ይዞታል?» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመቴ እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሆነ። በሚደርሱበት ምሽት አጠገባችን ያለው ጤና ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ መብራት ያገኛል። በእጅ ባትሪ ማዋለድ የመረራት ነርሷ ሲስተር ዘይነባ በዋዜማው አጥሩ ድረስ መጥታ፣ «ኢንሻ አላህ ነገ ነው አይደል?» አለችኝ። «ነገ ነው» አልኳት።

በነጋታው ኢንጂነሩ እንግዶቹን ሊቀበሉ አዋሽ ሄደዋል። አስተዳዳሪያችን አቶ ግርማቸው ግቢውን ዞሩ። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል፤ የቀረው ቧንቧው ነው።

«ይሄ የተጀቦነ ነገር ለእንግዳ አይታይም። ግለጡትና ብርማ ቀለም ቀቡት» አሉ።

«ጋሼ፣ ይግላል፤ ቀለሙን ያቃጥለዋል» አልኩ። የሞኝ ነገር፣ ምክንያቱን ያቀበልኳቸው እኔው ነኝ።

«እንግዲያው ፓምፑን አጥፋና ይብረድ።»

«ከበረደ ይረጋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ሰይድ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው!»

ኢንጂነሩ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የዕድገት ደብዳቤዬን የሚፈርሙት አቶ ግርማቸው ናቸው። ፓምፑን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ቀለሙ አማረ። ጨዉ ድንጋይ ሆነ።

ማምሻውን እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ አቶ ግርማቸው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ከአጥሩ ጀርባ የናፍጣ ጄኔሬተር አስቀምጠው ከጤና ጣቢያው መስመር ጋር አስገናኙት። የክብር እንግዳው ቁልፉን ተጫኑ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጤና ጣቢያው በራ፤ ተጨበጨበ። ኢንጂነር ታደለ አላጨበጨቡም፤ እኔን ያዩኛል። ሐመዱ ጭሱን እያየ ጮክ ብሎ፣ «ፀሐይ ናፍጣ ትጠጣለች እንዴ?» አለ። እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ።

ሲስተር ዘይነባ እየሮጠች መጣች። «አላህ ይስጥህ ሰይዴ! ምጥ የያዛት አስገብቻለሁ፤ ዛሬ እንኳ በብርሃን ነው» ብላኝ ተመለሰች። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ናፍጣው እንግዶቹ እራታቸውን ሳይጨርሱ አለቀ። ሕፃኗ በእጅ ባትሪ ተወለደች፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ቧንቧውን በእሳት እያሞቅን ለማቅለጥ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። አለቃ የማይሆን ነገር ሲያዝ ምክንያት አትደርድሩ፤ «አይሆንም» በሉ። ፓምፑ ላይ ያለው እጅ የእናንተ ነው።