ሱፍ በአዘቦት ቀን

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በቴሌቪዥን ጣቢያችን ኮሪደር ውስጥ የአንድ ሰው አዲስ ኮት እጅጌው ላይ ተቀደደ። መቀሱ የእኔ ነበር። የቆረጠው ካሜራማናችን ነው። የሰውየውን ክንድ የያዝሁት እኔ ነኝ።

ሰውየው የበር ጥበቃችን ነው። የጣና ዳር ሰው፣ ከቁንዝላ፣ የጀልባ ሠሪ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አራት ዓመት በራችን ላይ እየቆመ በማታ ትምህርት ዲፕሎማውን ይዟል። የዚያን ዕለት ፈቃድ ወስዶ የመጣው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ለመቅረብ ነበር። ቦታው አንድ፣ ተወዳዳሪዎቹ ስድስት፤ እሱ ስድስተኛ። ይህ ካለፈው ሌላ የውስጥ የሥራ ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ሱፍ ለብሶ መጣ።

በእኛ መሥሪያ ቤት በአዘቦት ቀን ሱፍ የሚለብስ ወንድ የለም። ስንጠየቅ በሙቀቱ እናሳብባለን፤ የሐይቁ ወበቅ ኮት አያስለብስም እንላለን። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ሱፍ የለበሰ ሰው ከግቢው በር እስከ ጠረጴዛው ድረስ «ማን አገባ?»፣ «ማን ሞተ?»፣ «ሹመት አለ እንዴ?» እየተባለ ነው የሚደርሰው። ኃላፊዎቹ ኮት አላቸው፤ የሚለብሰው ግን ወንበራቸው ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ ጸሐፊዋ «አሉ፣ ኮታቸው አለ» ትላለች፤ እሳቸው ሐይቅ ዳር ዓሣቸውን ይበላሉ። እኔም አንድ ሱፍ አለኝ፤ ለሠርጌ የተገዛ። ዛሬ ቁልፉ አይገጥምም፤ ቢገጥምም ለሥራ አለብሰውም። እርስ በርሳችን የምንጠባበቅ ወንዶች ነን። አንዳችን ተሽሎ ሊታይ ሲሞክር የምንለው ቃል ቀድሞ አፋችን ላይ ነው።

የእሱ ሱፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። በግራ እጅጌው ጫፍ ላይ የፋብሪካው ማርክ እንደተሰፋ ነው።

«ሙሽራው!» አለ ካሜራማኑ። «ታርጋህን ሳትፈታ ነው እንዴ የምትነዳ?»

ጥበቃው አብሮ ሳቀ። «እኛ ዘንድ አይፈታም። የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሑድ ኒካህ አለበት። ለአንድ ቀን ብዬ ለምኜው ነው።»

«እና ማርኩ ምን ያደርግልሃል?»

«የሴቷ ዘመዶች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ማርክ ከሌለው ልባሽ ነው፣ ከሰው ተውሶ መጣ ይላሉ።»

ይህን ሁለታችንም ሰምተናል። ካሜራማኑ ኋላ ላይ አልሰማሁም ብሏል፤ ዋሽቷል።

«ኮሚቴው ይስቅብሃል» አልሁት። እውነቴን ነበር፤ ይስቁበት ነበር። መቀሱን ከመሳቢያዬ አምጥቼ ለካሜራማኑ ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ኧረ ተዉኝ» አለ። «አማና ነው። የሰው አደራ ነው የለበስሁት።»

«መልሰህ ትሰፋዋለሃ!» አለ ካሜራማኑ።

ክንዱን ያዝሁለት። ትክክለኛው ቃል ያዝሁበት ነው። ማርኩ ወደቀ፤ እሱ ክንዱን ሲመነጭቅ መቀሱ ጨርቁን ሁለት ጣት ያህል ቀደደው።

ጎንበስ ብሎ ማርኩን ከወለሉ አነሣ።

«ስንተኛው ገባ?» አለኝ።

«ሁለተኛው።»

«ቅርብ ያለው ልብስ ሰፊ የት ነው?»

ገበያው መግቢያ ላይ ያለውን ነገርሁት። ማርኩን በጡጫው እንደጨበጠ ወጥቶ ባጃጅ ያዘ።

አራተኛውና አምስተኛው ተወዳዳሪዎች ሳይመጡ ቀሩ። ስለዚህ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ጸሐፊዋ ከስብሰባ ክፍሉ ብቅ ብላ የእሱን ስም ጠራች። ሦስት ጊዜ ጠራች።

«የት ሄደ? ጠዋት አይቼው የለ? እንዴት አምሮበት!»

«ሠርግ ሄዷል» አለ ካሜራማኑ።

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ከጸሐፊዋ ዐሥር ርምጃ ርቄ ነበር የቆምሁት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጋዜጠኛ ነኝ፣ እንጀራዬ የሆነውን ነገር መናገር ነው፤ አልተናገርሁም። ለምን እንደሆነ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ያገኘሁት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ሱፉ አምሮበት ነበር።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እየሮጠ ተመለሰ። ማርኩ በቦታው ተሰፍቷል፤ ቀዳዳው ከጨርቁ በማይመሳሰል ክር ተጠግኗል። ላቡ ከአንገቱ እየወረደ ሸሚዙን አርሶታል፤ ኮቱን ግን አላወለቀም።

«ተጠራሁ?»

«ተጠራህ።»

«ነገራችሁልኝ አይደል፣ ጋሼ?»

«አልነገርንም።»

«ለምን?»

ካሜራማኑ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። እኔ የስብሰባ ክፍሉን በር በእጄ አመለከትሁት። ሄዶ አንኳኳ። ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ኮሚቴው ፈርሞ መጨረሱን ነገረችው።

ቃለ ጉባኤውን በማግስቱ ጠይቄ አይቻለሁ። አንድ ገጽ ነው። ከስሙ ትይዩ «ተጠርቶ አልቀረበም» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለበት።