ለእናቴ የፈረሙት እትዬ ወርቅነሽ

ዛሬ ከሟች እናቴ ሻንጣ አንድ የድሮ ቅጽ አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እናቴን ወደምኖርበት ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ስፖንሰር ላደርግ ስል፣ «የጽዳት ደመወዝሽ አይበቃም፤ ገቢ ያለው ዋስ አምጪ» ተባልኩ።

ዘመዶቼ ሁሉ ስልኬን ማንሳት ተዉ። (አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።)

የቀሩኝ እዚያው ሜልበርን፣ ዳንደኖንግ በሚባል ሰፈር ፋብሪካ የሚሠሩት እትዬ ወርቅነሽ ብቻ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ደግሞ በቸርች መዘምራን ልብስ ስፌት ተጣልተን ሁለት ዓመት አኩርፌያቸው ነበር።

ራሴ መሄድ አፍሬ ሁለት ሽማግሌ ላክሁ።

«ለፊርማም ሽማግሌ ይላካል? ልጅ ልድር ነው እንዴ?» ብለው እየሳቁ ፈረሙ።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማንበብ፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር፣ የተማርኩት በስተርጅና ነው። ያን የፈረሙትን ቅጽ ዛሬ ሳነበው፣ «ለስፖንሰሯ ምኗ ነዎት?» ከሚለው ሥር እትዬ «ጓደኛ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል።

ወዲያው ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ያኔ እኮ ተኳርፈን ነበር!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጠላት የሚል ሳጥን አልነበረውም!»

እናቴ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራ፣ እጄ ላይ አረፈች። እትዬ፣ ዘግይቼም ቢሆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናንተስ፣ ያኮረፋችሁት ሰው ደርሶላችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።