እፍ ሳይሉ ደም መቅዳት

ልጄ ሳውዲ፣ ጅዳ ከተማ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ዓመታት ሠርታለች። የሐኪም ረዳት ናት፤ ግፊት ትለካለች፣ ደም ትቀዳለች፣ ቁስል ታጥባለች። ሥራውን ያስለመደቻት እዚያው የነበረች አንዲት አሮጊት ነርስ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚለው በእኔ ሥር የምትኖር ልጅ መሆኗን ብቻ ነው። ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ወረቀት የሌለው ሠራተኛ የሚለቀምበት ያ አሰሳ የመጣ ጊዜ ግን ሁሉም ይጠየቅ ጀመር። ኢቃማው ላይ ከተጻፈው ሌላ ሥራ ሲሠራ የተገኘ ይባረራል ተባለ። ለማስተካከያ ጥቂት የምሕረት ወራት ተሰጡ። የክሊኒኩ ኃላፊ ልጄን ጠርቶ፣ አሠሪና ዋስ ሆኜሽ ከፋላሽን ወደ ክሊኒኩ አዞራለሁ፣ ግን ምሕረቱ ሳያልቅ የረዳትነት ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ ኸላስ፣ አበቃ አላት። ወረቀቱ ደግሞ ኮርስ አለው፤ ከኮርሱ በኋላ ሆስፒታል ገብቶ መለማመድ፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የእጅ ፈተና። ስትነግረኝ እኔ ገና ሳይጀመር ደከመኝ።

እሷ ጀመረችው። እኔ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ የሐጃጆች ማረፊያ የሆነ ሕንፃ እጠብቃለሁ፤ የምንኖረውም እዚያው ምድር ቤት ነው። ከዚያ ጅዳ እየተመላለሰች፣ ሥራውንም ኮርሱንም ይዛ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። የጽሑፉን አለፈች። የእጁን ግን ወደቀች።

የወደቀችበት ነገር እንዲህ ነው። እኛ ልጅ ሲወድቅም ሲያተኩሰውም ከቁርኣኑ አልሃምዱን በቃላችን ቀርተን እፍ እንልበታለን። እሷም እኔ እፍ እያልኩባት ነው ያደገችው። ክሊኒክ ውስጥም መርፌ ከማስገባቷ በፊት ቀርታ እፍ ትላለች፤ ሕሙማኑ እጇ አያምም እያሉ ይወዱላት ነበር። ፈታኟ፣ አንዲት ግብጻዊት ነርስ፣ የሕመምተኛው ክንድ በስፒርቶ ከተጠረገ በኋላ እፍ ስትልበት አይታ አስቆመቻት።

"አብዬ፣ እፍ ማለቴን እኮ ፈታኟ ስትነግረኝ ነው ያወቅሁት" አለችኝ።

"መቅራት ነውር ሆነ እንዴ?"

"መቅራቱን ማን ከለከለ። በልብሽ ቅሪ፣ አፍሽ ውስጥ ያለው ጀርም ግን ገና አልሰለመም ነው ያለችኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ብዙ አልቆየም። የቀራት አንድ ሙከራ ነው፤ እሱም ምሕረቱ ሊያልቅ ሲል። ያን ጊዜ ከሕንፃው ጥግ ቆመው የቀን ሥራ ይጠብቁ የነበሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ አሰሳውን ፈርተው ተሸሽገው፣ ጥጉ ባዶ ነበር። እሷም ብትወድቅ ከቤት መዋል ነው፣ አለዚያም ተደብቆ መሥራት።

ከአሱር ሰላት በኋላ እጀታዬን ሰብስቤ እቀመጥላታለሁ። ክንዴን ታስራለች፣ ትጠርጋለች፣ ክዳኑ ያልተነሣ መርፌ ታቀርባለች፣ እፍ።

"አልሽ" እላታለሁ።

"አላልኩም።"

"ክንዴ በረደው እኮ የኔ እናት።"

ማስክ አድርጋ ሞከረች፤ ማስኩ እብጥ አለ። ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች፤ መርፌው ሲቀርብ ከንፈሯ አመለጣት። እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ቀን እኔም ደክሞኝ፣ እንቅልፌም መጥቶ፣ እንግዲያው ሳትጠርጊ በፊት እፍ በይና ይውጣልሽ አልኳት። ክንዴን ያዘች፣ ቀራች፣ እፍ አለች፣ ከዚያ ጠረገች። እስኪደርቅ ቆመች። መርፌውን ስታቀርብ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

በፈተናው ቀን እኔ አልሄድኩም፤ ሕንፃውን ማን ይጠብቃል። እንደነገረችኝ ግን መጀመሪያ ቀርታ እፍ ስትል ያቺው ፈታኝ ቅንድቧን አንሥታ ነበር። ልጄ ስፒርቶውን አንሥታ ስትጠርግ፣ ጠርጋም ስትጠብቅ አይታ፣ "ከመጥረጉ በፊት ያለው የአንቺና የጌታሽ ነው፤ ቀጥይ" አለቻት። ደሙ በአንድ ጊዜ መጣ።

ወረቀቱ ወጣ፤ ከፋላውም ምሕረቱ ሳያልቅ ዞረ። በአዲሱ ኢቃማ የመጀመሪያ ቀኗን ሠርታ ስትመለስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፣ ያው ሕመምተኛ ነው አብዬ አለችኝና፣ ዐባያዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች። ወሎ ላለችው እናቷ ደውዬ ላበሥር ስልኬን አነሣሁ። ልጄን ግን እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ድምፄ እንዳይቀሰቅሳት ብዬ ስልኩን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ።