ለአይጥ የሰጠችውን ለእናቷ የከለከለች

ታላቅ እህቴ የምትሠራው በመድኃኒት ላይ የሚመራመሩበት ቤት ውስጥ ነው። የምትጠብቀው አይጥ ነው። ነጭ ነው፣ ዓይኑ ቀይ። ሰፈሩ «የአይጥ ሞግዚት» ይላታል። መጀመሪያ ሲሏት እኔ አፈርኩ። እሷ ግን «ሞግዚትነት ሥራ አይደለም እንዴ? የኔዎቹ ቢያንስ አያለቅሱም» ብላ አለፈች። እንዲህ ናት።

ሥራዋን እሷ እንደነገረችኝ ልጻፈው። ባለሙያዎቹ የአይጡን እግር በመርፌ ያሳብጡታል። ከዚያ መድኃኒት ያጠጡትና እሷ አይጡን ይዛ እግሩን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ውሃው ብዙ ከፍ ካለ እብጠቱ አለ፣ ትንሽ ከሆነ ቀንሷል ማለት ነው። ጣቶቿ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። «ቀለበቴ ነው» ትላለች፤ ባል እስካሁን አላገባችም።

አንድ ቀን ደስ ብሏት ገባች። ባለሙያዎቹ አንድ የቆየ የልብ መድኃኒት እብጠትም የሚቀንስ መስሏቸው፣ እሱን ትንሽ ቀይረው አዲስ ሠርተዋል። የአይጦቹ እግር እብጠት ሲጎድል በዓይኗ አየች። ይህን ስታወራ እማዬ አልጋ ላይ ሆና ትሰማለች። የእማዬ ጉልበት ካበጠ ቆይቷል፤ ሽንት ቤት እንኳ የምትሄደው እኔን ተደግፋ ነው። አጎቴም ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፣ ልቡን ያመዋል።

በማግስቱ አጎቴ የራሱን የልብ ክኒን ይዞ መጣ።

«በይ እህት ዓለም፣ ዋጪ» አላት እማዬን። «አዲሱ ከዚህ አይደል የተወለደው? ልጁ ያን ያህል ከሠራ አባትየው ምን ሊሠራ ነው!»

እኔም ልክ መስሎኝ ውሃ ቀዳሁ።

እማዬ ክኒኑን አፏ ጋ ስታደርስ እህቴ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጇን ያዘቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንቺ ያልሽው መድኃኒት ነዋ» አለ አጎቴ።

«እኔ ያልኩት አይደለም። ያ ተቀይሯል። ይሄ የእርስዎን ልብ የሚያረጋጋ ነው፤ የሷ ልብ ምን በደለ? ቢያቆመውስ?»

«እንግዲያው አዲሱን አምጪላታ!»

«እሱንም አላመጣም። ሰው ገና አልቀመሰውም።»

እማዬ ተቆጣች። «ለአይጥ ያልነፈግሽውን ለኔ? ከአይጥ አንሼ ነው?»

እህቴ የእማዬን እጅ አልለቀቀችም። «አይጦቹ ሲሞቱ እጥላቸዋለሁ እማዬ። አንቺን የት ልጣልሽ?»

«የአይጥ ሞግዚት ሐኪም ሆነችብን!» ሳቀ አጎቴ።

«አይደለሁም። ለዚህ ነው ሐኪም ጋ የምወስዳት።»

«እረግምሻለሁ» አለች እማዬ።

«እርገሚኝ። በሕይወት ሁኚና እርገሚኝ።»

ክኒኑን ከእማዬ መዳፍ ፈልቅቃ አወጣችና አጎቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ለእርስዎ ነው የታዘዘው፣ እርስዎ ይዋጡት» አለችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። እማዬን እኔ አዘልኳት፤ እህቴ ከፊት ሆና መንገድ ታስለቅቃለች። ወረፋው ረጅም ነበር። እማዬ አጠገቧ ለተቀመጠው ሁሉ በጣቷ እያሳየች «ይቺ ናት መድኃኒት የነፈገችኝ፣ የገዛ ልጄ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እህቴ ግን ብድግ አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ነገም እነፍጋታለሁ።»