ቀሪ በመጋዘን፣ ቀሪ በክፍል

«ቀሪ» የምትለዋን ቃል መጀመሪያ የተማርኳት ሚዛን ተፈሪ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ፣ ፊደልን ከጆንያው ላይ ጽሑፍ የለቀምኩ፣ ኋላም መጋዘን ጠባቂ የሆንኩ ሰው ነኝ። መኪናው ተጭኖ ወደ ጅማ ሲወጣ፣ እዚያው የተረፈው ቡና ቀሪ ይባላል። ቀሪ ማለት አለ ማለት ነበር። ሄደህ በእጅህ ትዳስሰዋለህ።

ኋላ ለማስተማር ትምህርት ቤት ስገባ ይህችው ቃል ተገልብጣ ጠበቀችኝ። መምህሩ ስም ጠርቶ ባለቤቱ ካልመጣ፣ ክፍሉ በአንድ አፍ «ቀሪ!» ይላል። እዚያ ቀሪ ማለት የሌለ ነው። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ለዚህም ይሆናል ሌላው ዝም ብሎ በሚያልፈው ቃል ላይ እኔ ቆሜ የምቀረው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ በየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለመልበት ጊዜ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈትኜ አልፌ ነበር። ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ መምህር ሲያንስ በድጎማ መምህርነት ሊቀጥሩኝ አሰቡ። አስቀድሜ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሌላው እንዴት እንደሚያስተምር እንድመለከት ታዘዝኩ። የደረሰኝ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የበኩር ልጄ የሚማርበት ክፍል።

ተማሪዎቹ የሚቀመጡት በቁመት ነው፤ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ። ልጄ ዕድሜው ገና ለወታደርነት ባይደርስም ቁመቱ ከኔ አልፎ ነበር። እኔም ለእንግዳ የተረፈ ቦታ የለም ተብዬ ከኋላ፣ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣበብኩ።

«አዲስ ተማሪ መጣ!» አለች ከፊት አንዷ።

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ደገሙ?» አለ ሌላው። ክፍሉ ሳቀ። ልጄ አንገቱን ደፋ።

መምህሩ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። አነጋገሩ ጥሩ፣ የሰሌዳ ጽሕፈቱም የሚያምር ነው። አንድ ነገሩ ግን አልጥምህ አለኝ። ምንባቡን ሁልጊዜ በጅምላ ነበር የሚያስነብበው። «ተከተሉኝ» ይላል፤ ክፍሉ እየጮኸ ይከተለዋል። አንድ ልጅ ለብቻው ተነስቶ ሲያነብ አላየሁም። በቡናዬ ጊዜ ፍሬውን በእጄ እየለየሁ የማይ ሰው ስለነበርኩ፣ ይህ ስንፍና መስሎ ታየኝ። ልጅ አንድ በአንድ ካልተሰማ ማወቁ እንዴት ይታወቃል?

ከሁሉ ያናደደኝ የኋላው ረድፍ ነው። ጥያቄ ሲጠየቁ ጉልበታቸውን እጥፍ አድርገው፣ ከዴስኩ ብዙም ሳይነሱ፣ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ ይመልሳሉ። ልጄም እንደነሱ። ቤት ውስጥ ድምፁ ከጎረነነ ዓመት አልፎታል። በክርኔ ጎሰም አድርጌ «ቀጥ በል!» አልኩት በሹክሹክታ። ቀጥ አላለም። ከኔ ቤት ልጅ ይህን አልለመድኩም። በአባት ፊት ቀና ብሎ መቆም፣ ጥርት አድርጎ መናገር፣ እውነቱን መናገር፤ እነዚህን ነው ገና በጡት ሳለ ጀምሬ ያስተማርኩት። ዛሬም አምንባቸዋለሁ።

ማታ ራት ላይ «ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው እንደ ጫጩት?» አልኩት።

«አባባ፣ መስኮቱን አላዩትም?» አለኝ።

መስኮቱ መስታወት የለውም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ደግሞ ወደ ቀበሌው ለሚሄድ ሰው ማቋረጫ ነው።

በማግስቱ ከክፍል ስንወጣ መምህሩን ያዝኩት። «መምህር፣ በጅምላ ማስነበብ ደካማውን ይደብቃል» አልኩ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ይደብቃል» አለ፤ ፈገግ ሳይል። «አምና የኋላው ረድፍ ከዚህ ይረዝም ነበር፤ ለውትድርና ወሰዷቸው። የልጄን ልደት አውቃለሁ የሚል ወላጅ ቀበሌ ሄዶ ቢምልም አይሰማም። እነሱ ዓይናቸውን ነው የሚያምኑት፤ ጆሯቸውንም። ቁመትና የጎረነነ ድምፅ ካለ፣ ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ምንም ስለማይሰማ ልጆቹ ይንጫጫሉ። ያን ጊዜ ብቻ የኋላው ረድፍ በገዛ ድምፁ ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ይሰዳደባል። ዝናቡ ሲያባራ መጀመሪያ ዝም የሚሉት እነሱ ናቸው። ሚዛን ደግሞ ዝናብ የማይቸግራት አገር ናት፤ በበጋው ግን ጣሪያው ሳምንት ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ያን ዝምታ መፍራት ጀመርኩ።

የሙከራ ትምህርት የማስተምርበት ቀን ዝናብ አልነበረም። ሊገመግመኝ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሱፐርቫይዘር መጣ። አብሮት የቀበሌው ሰው ገባ፤ የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተለው። ከመጋዘን ጀምሮ ያውቀኛል።

«ጓድ መጋዘን! ዛሬ ደግሞ መምህር ሆንክ?» አለኝና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ምንባቡ ስለ ንብ ነበር። በጅምላ አስነበብኩ። ተቃውሜው የነበረውን ሥራ እኔው ራሴ፣ ከመምህሩ በበለጠ ጩኸት ሠራሁት።

«አንድ በአንድ አይሻልም?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«እስቲ ያ ረጅሙ ያንብብ» አለ የቀበሌው ሰው፤ አገጩን ወደ ልጄ አነሳ።

«በየረድፉ ነው የማስነብበው» አልኩ። «የኋላው ረድፍ በሙሉ፣ ተነሱ!» በዚያ ረድፍ ረጃጅም ሴቶች ልጆችም ነበሩ። የነሱ ድምፅ የወንዶቹን ይሸፍናል ብዬ ነው።

ረድፉ ተነሳ። ሌሎቹ ወንዶች ጉልበታቸውን አጠፉ። ልጄ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ፊት ለፊቱ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በኔ ፊት ተጣምሞ ቆሞ አያውቅም፤ ገላው የለመደውን አደረገ። ራሱ ከሁሉም በላይ ታየ። ንባቡ ሲጀመር ዓይኔን ከከንፈሩ ላይ አልነቀልኩም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣውም።

ትምህርቱ እንዳለቀ የቀበሌው ሰው በር ላይ ያዘኝ።

«ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነው» አለ። ስለ ቡና አልነበረም፤ የሚያየው እየወጡ ያሉትን ልጆች ነው። «ያ ባሕር ዛፍ የመሰለው የማን ልጅ ነው?»

«የኔ።»

«አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጉሮሮውን ያመዋል?»

ውሸት አልተናገርኩም፤ ዝምታዬ ግን ከውሸት ብዙም እንዳልራቀ ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አስመርምረው። ሰኞ መጥቼ ድምፁን እሰማለሁ።»

ቅዳሜ ገበያ ነበር። የባለቤቴ አገር ሸኮ ነው፤ ወንድሟ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላል። ገበያ ማር ይዘው የመጡ የአገሯ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ልጃችን አብሯቸው እንዲሄድ ወሰንን። እናቱ «አጎትህ ለማር ቆረጣ ሰው አንሶታል» እያለች ቆሎ ቋጠረችለት። ለሁላችንም የሚሆን ሰበብ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም እንጂ።

«አባባ፣ ፈተናስ?» አለኝ።

«ይደርሳል።»

ከገበያተኞቹ መሀል ቀና ብሎ መራመድ ሲጀምር፣ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሮጬ ደረስኩበት። «ጎንበስ በል» አልኩት። «ሸክሙን ጀርባህ ላይ አድርግና ጎንበስ ብለህ ሂድ።» ግራ ገብቶት አየኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከኔ ሰምቶት የማያውቀው ትእዛዝ ነበር። ከዚያ የአንዷን ሴት የጨው ጆንያ ተቀብሎ ተሸከመና አጎነበሰ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ከሌሎቹ ልለየው አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ስም መጥራት የኔ ተራ ሆነ። የሙከራውን ግምገማ አላለፍኩም፤ «ተማሪን በግል አያሳትፍም» ተብሎ ተጽፎብኛል። ሌላ መምህር ስላልተገኘ ግን ቀጠሩኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የቀበሌው ሰው ወደ ውስጥ አልገባም፤ መስኮቱ ጋ ክርኑን አስደግፎ ቆሟል።

እየጠራሁ ሄድኩ፤ «አቤት» እያሉ መለሱ። ከልጄ ስም ደረስኩ። ተማሪ የሚጠራው ከነአባቱ ስም ነው። ስለዚህ የእሱን ስም፣ ቀጥዬም የራሴን ስም ጠራሁ፤ ከሌሎቹ ባልተለየ ድምፅ።

ክፍሉ በአንድ አፍ «ቀሪ!» አለ።

ማን እንደጠራና ማን እንደተጠራ ገብቷቸው የሳቀ የለም። በልቤ የመጋዘኑን ቀሪ ያዝኩ፤ መኪናው ላይ ያልተጫነውን፣ እጅ ሄዶ የሚዳስሰውን። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውም ቃሏን ቀስ ብሎ ደገማት። «ቀሪ» አለ፤ ለራሱ ይሁን ለኔ አልለየሁትም። ከዚያ ዓይኑን ወደ ኋላው ረድፍ መለሰ።

ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ከዚያው ረድፍ «አቤት» ያለኝ ድምፅ በጣም ቀጭን ነበር።