የገዛ ቤቴን የሰበርኩ ቀን

ቤት አከራይቶ መኖር እንዴት ይጀመራል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ሰበታ ላይ ግቢ ሙሉ ተከራይ ስላለኝ ምስጢር የያዝኩ ይመስላቸዋል። ምን ምስጢር አለው? ባሌ ሲሞት አልጋዬን ወደ ማድቤት ጎትቼ ዋናውን ቤት አከራየሁ። በኪራዩ ጓሮ ውስጥ አንድ የጭቃ ክፍል አቆምኩ፤ በእሱ ኪራይ ደግሞ ሌላ። ቆርቆሮውን የገዛሁት ጭስ እየጠጣሁ አድሬ ነው።

ምላሴ ክፉ ነው፣ እጄም ፈጣን። ሚስቱን የሚደበድብ አንድ ሰካራም ተከራይ በዘነዘና አባርሬያለሁ፤ አልቆጭም። በጓሮው ክፍል ከደቡብ የመጡ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ጮክ ብለው ይጸልያሉ። «ጌታ ደንቆሮ ነው እንዴ?» እያልኩ ግድግዳውን እደበድባለሁ። ታናሺቱ እየሳቀች፣ «እትዬ፣ ለእርስዎም እየጸለይን እኮ ነው» ትለኝ ነበር። ያቺን ልጅ እወዳት ነበር፤ ነግሬያት ግን አላውቅም።

ከተማውን ወደ ገበሬው ማሳ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ሰበብ አገሩ ተቆጣ። ቁጣውን አውቀዋለሁ፤ የአጎቴም ማሳ ፋብሪካ ሆኗል። አንድ ቀን ግን ሰልፈኛው ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ ወጣቶች ወደቁ፣ የፋብሪካው ጭስ ሰማዩን አጠቆረው። የሞቱት ሬሳ ሳይነሳ ሰዉ ከሌላ አገር የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ያለበትን ቤት እየለየ መምታት ጀመረ። ጎረቤቶቼ ከነገሩ ጦም እደሩ ብለው ተከራዮቻቸውን አስወጥተው በራቸውን ዘጉ። የእኔ ሌሎች ተከራዮች ቀድመው ሸሽተው ነበር፤ እህትማማቾቹ ከፋብሪካው እየሮጡ መጡ። የታላቂቱ ግንባር በድንጋይ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኗን ሸፍኖታል።

የሚሰባበር መስታወት ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ ይሰማል። «አልጋ ሥር ግቡ! ትንፍሽ እንዳትሉ!» ብዬ ወደ ክፍላቸው ገፈተርኳቸውና በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ አየሁ። ሰዎቹ ደህና ቤት ይገባሉ፤ የተሰባበረውን አይተው ያልፋሉ።

መጥረቢያዬን አነሳሁ። ጭስ ጠጥቼ የገዛሁትን መስኮት በሙሉ አረገፍኩት። ፍራሼን ግቢው መሀል ጣልኩና ነጭ ጋዝ አርከፍክፌ ለኮስኩት። የእነሱ በር ብቻውን ደህና ከሆነ ያሳብቃል፤ እሱንም መታሁት። ሳንቃው ሲሰነጠቅ ታናሺቱ ከውስጥ ጮኸች። ጩኸቷ እንዳይሰማ ከእሷ በላይ ጮህኩ። በኦሮምኛ «በአ! በአ!»፣ ውጡ! ውጡ! እያልኩ እናታቸውን ሰደብኩ፣ ዘራቸውን ሰደብኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ሆኖብኝ ራሴ ደነገጥኩ።

ወጣቶቹ የግቢውን በር ገንጥለው ገቡ። ከፊት የነበረው የተንጨባረረ ፀጉሬን፣ መጥረቢያዬንና እሳቱን አየና ሳቀ።

«አዮ፣ እናቴ፣ አንቱማ ቀድመውናል!»

«ምንም አልተረፈም» አልኩት።

«ዴማ! ሂዱ!» አላቸው ጓደኞቹን። አንዱ እግረ መንገዱን ጣሪያዬ ላይ ድንጋይ ወረወረና ወጡ።

ድምፃቸው ሲርቅ ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ታላቂቱ ዘዴዬ ገብቷት ኖሮ ወጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ታናሺቱ አልጋው ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁላት።

«ነይ ልጄ፣ አትፍሪ። እኔ ነኝ።»

«እርስዎ መሆንዎንማ ሰማሁ» አለች።

ታላቂቱ ለምና፣ እኔም ምዬ ተገዝቼ፣ ያን ሁሉ ያደረግኩት እነሱን ለማዳን መሆኑን ለታናሺቱ ነገርኳት። ሰማችኝ፣ እሺ ብላም ራሷን ነቀነቀች። አገሩ ረጋ ሲል ወደ ሀገራቸው ሄዱ፤ ስትሰናበተኝ ግን ዓይኗ ከእጄ ላይ አልተነሳም።

መስኮቱን በብረት አሠራሁ፣ ክፍሎቹም ጨመሩ፤ እንግዲህ ስኬት ከተባለ ይኸው። ያንን ክፍል ያከራየሁት ዝምተኛ ለሆነ ሰው ነው። እኔ ግን ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ።