ሐምራዊ አፍ

ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው የሚያጋልጠው ክሳቱ ነው ይባላል። አይደለም። አጎቴን ያጋለጠው አፉ ነው።

ትናንት የጎረቤቴን ሕፃን አየሁት። የአፍ ፈንገስ ወጥቶበት፣ ምላሱ ነጥቶ፣ ሐምራዊ መድኃኒት ተቀብቷል። ቤቱን የሞላው ሰው ግን በየተራ ይስመዋል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አጎቴ ከጦር ግንባር ታሞ ቢቸና ሲመለስ ምላሱ እንደዚሁ ነጥቶ ነበር። ጤና ጣቢያው ይህንኑ መድኃኒት ቀባው። በዚያው ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። እንደ ልማዱ ጠላው በአንድ ጽዋ ይዞራል። አጎቴ ጠጥቶ ሲያቀብል ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ምልክት ቀረ።

«ለእሱስ በጣሳ ቢሰጠው ይሻላል» አለ ነጋዴው ጎረቤታችን። በሰፈሩ ሬዲዮ ያለውና ስለ ኤድስ የሰማው እሱ ብቻ ነበር።

«ምን ሆንክ፣ ጽዋው ተኳለ እንጂ!» አለ አጎቴ ሊስቅ እየሞከረ። የሳቀለት የለም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ደሴ፣ ጽዋውን ተቀበሉ። ምልክቱን ወደ ከንፈራቸው አዙረው ጠጡ።

«ማኅበርተኛችን ነው። ጣሳ ያማረው ቤቱ ሄዶ ይጠጣ» አሉና ለአባቴ አቀበሉት።

አባቴ የአጎቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጽዋውን ይዞ ቆየ። በዚህ መሃል እናቴ ወደ ጓዳ ስለጠራችኝ ይጠጣ አይጠጣ አላየሁም። እሷ «አባትህ ጠጥቷል» ትለኛለች፤ አጎቴ ግን እስኪሞት ድረስ ያንን ቀን አንስቶ አያውቅም።

ሕፃኑን ስሜ ወጣሁ። አንተ አንባቢ፣ ምላሱ የነጣ ዘመድ ካለህ ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ስትመለሱ በእሱ ብርጭቆ ጠጣ፤ ሰው ሁሉ እያየህ።